ጣሪያዬ ላይ የሚሰፍሩት ጥንብ አንሳዎች ከቀይ ቀበሮ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

ባለ ልኳንዳው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ትንሽ ልኳንዳ አለችኝ። ከጀርባዋ ጓሮ አለ። ከጓሮው ማዶ የአከራዬ ቤት ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አጠገቡ አንድ ያረጀ ጽድ። ጠዋት የቄራ መኪና ሥጋ አራግፎ ሳይሄድ ጥንብ አንሳዎቹ ጣሪያው ላይ ተደርድረው ታገኛቸዋለህ።

ሥጋ አይነጥቁም። እሱ የጭልፊት ሥራ ነው። ጭልፊት እኮ ከደንበኛ እጅ ላይ ፌስታል መንትፎ ይሄዳል። እነዚህ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ብልት ስናወጣ የተጣለ ጅማት፣ ስስ ሽፋን፣ አጥንት ላይ የቀረ ነገር ካገኙ ይወርዳሉ። ካላገኙ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ክንፋቸውን ዘርግተው ቆይተው ይሄዳሉ። አነስ ያሉ ናቸው፣ ቡናማ። ፊታቸው ራቁቱን ነው፣ ሮዝ መልክ አለው። በአንድ ጅማት ሲጣሉ ደግሞ ደም የመሰለ ቅላት ያወጣል።

ሁዳዴ ሲገባ ልክ እንደ ደንበኛ ድራሻቸው ይጠፋል። ፋሲካ ሲነጋ ግን ከኔ ቀድመው ቦታቸውን ይይዛሉ። ማን እንደሚነግራቸው እንጃ።

አሁን ችግሩ አከራዬ ናቸው። ተማረዋል። «ኩሳቸው ቆርቆሮዬን በላው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ አንዱ ማዕዘን ዝጎ ዝናብ ያስገባል። ከቆርቆሮው በላይ የሚያስጨንቃቸው ግን «ጥንብ አንሳ ቤት ላይ የሚሰፍረው ሬሳ ሸቶት ነው» የሚለው ነገር ነው። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ በተሰማ ቁጥር መጀመሪያ ጣሪያውን ቀጥሎ እኔን ያያሉ። ሰሞኑን ለሠራተኛዬ ብር ሰጥተው «የአይጥ መርዝ ገዝተህ ሞራ ውስጥ ጠቅልለህ ወርውርልኝ» ብለውታል። ልጁ መጥቶ ነገረኝ፣ አስቆምኩት። እሳቸው ግን «አንተ ባታደርገው ሌላ ሰው አላጣም» ብለዋል።

ይህን ለአንድ ደንበኛዬ ሳጫውተው «እነዚህ እኮ ከቀይ ቀበሮ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው» አለኝ። ሳቅኩበት። ለመጥፋት የተቃረበ ሲባል እኔ የማውቀው ቀይ ቀበሮን፣ ዋልያን፣ አሥር ሳንቲም ላይ ያለውን የባሌ አጋዘን ነው። (አሥር ሳንቲሟ ራሷም ጠፍታለች።) እነዚህን ግን በየቀኑ ነው የማያቸው።

እና አንደኛ፣ ሰውየው የነገረኝ እውነት ነው? ሁለተኛ፣ ሳይገደሉ ከጣሪያው እንዲነሱ ምን ላድርግ? ከሴትየዋ ጋር መጣላት አልፈልግም። ኪራይ የሚጨምሩበት ሰበብ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

የቀበና ልጅ

አከራይህ ልክ ናቸው። ወፎቹ የሚጠብቁት ሬሳ ነው። የኪሎ ዋጋ ስትጠራ ደንግጦ የሚወድቅ ሰው እንደማይጠፋ ገብቷቸዋል።

ላባ ቆጣሪ

ደንበኛህ አላጋነነም።

ሥራዬ ወፍ ማሳየት ነው፤ እንግዶች ይዤ እዞራለሁ። ቀይ ቀበሮ ለማየት ባሌ ድረስ እንሄዳለን፣ ሳነቴ ላይ በብርድ እንንቀጠቀጣለን። አንተ ጣሪያ ላይ ያሉትን ግን ከሆቴላቸው በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ ያዩዋቸዋል። ካሜራቸውን ሲመዙ አስተናጋጇ «ምን አይተው ነው?» ብላ ትስቃለች። ከተማ መሃል፣ መኪና በሚጮህበት ቦታ፣ ዓለም ላይ ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡ ወፎች አንዱን ማየት ለነሱ ብርቅ ነው።

ከገለጻህ እንደተረዳሁት አብዛኞቹ ትንሿ ጥንብ አንሳ ናቸው። ምንቃሯ ቀጭን ነው፣ ከማጅራቷ ጀምሮ ነጣ ያለ ብናኝ ላባ አላት። የሳይንስ ስሟ ኔክሮሲርቴስ ሞናኩስ ነው። አልፎ አልፎ መሃላቸው ግዙፍ የሆኑ ይመጡ ይሆናል። ላባው ጠርዝ ጠርዙ ነጥቶ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ካየህ ሩፔል ነው። ሲበር ጀርባው ላይ ነጭ የሚታይበት ደግሞ ነጭ ጀርባው ነው። ሦስቱንም የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 «ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ» የሚለው ደረጃ ላይ አስቀምጧቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ ከዱር መጥፋት ነው። ቀይ ቀበሮና የባሌው አጋዘን ያሉት ከዚህ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው።

«በየቀኑ አያቸዋለሁ» ያልከው ነገር ሁሉንም ሰው ያሳስታል። ቀይ ቀበሮ በቁጥር ካየኸው በጣም ጥቂት ነው፤ ዓለም ላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ ለአቅመ አዳም የደረሰው ወደ 500 ገደማ ነው፣ ያለውም እኛው አገር ብቻ ነው። ትንሿ ጥንብ አንሳ ግን ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ አለች። አደጋ ላይ ናት ያሰኛት ቁጥሯ የሚወርድበት ፍጥነት ነው። አንተ ይህን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፦ ጠዋት የሰቀልከው ሙሉ በሬ ትልቅ ስለሆነ አያልቅም አትልም፣ የምታየው ሻኛው በስንት ሰዓት እንዳለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በየአገሩ የተደረጉ ቆጠራዎችን ሰብስቦ ነበር። በሦስት የወፍ ትውልድ፣ ማለትም በሃምሳ ዓመት ገደማ ውስጥ፣ ትንሿ 83 በመቶ፣ ነጭ ጀርባው 90 በመቶ፣ ሩፔል ደግሞ 97 በመቶ መቀነሳቸውን ነው ያሳየው።

መተካት ደግሞ ለነሱ ቀላል አይደለም። በዓመት አንድ እንቁላል ነው የሚጥሉት፣ እሱም ከተሳካ። እናትና አባት እየተፈራረቁ ሰባት ሳምንት ገደማ ይታቀፋሉ። ጫጩቱ ለመብረር ደግሞ ወራት ይፈጅበታል። ዶሮ አይደሉም። ያ ጽድ ላይ ከጭራሮ የተሠራ ሰፊ ጎጆ ካለ እባክህ ማንም እንዳይነካው።

ስለ ሩፔል አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 አቢጃን ሰማይ ላይ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር የተጋጨ ወፍ ሩፔል ነበር። ከፍ ብሎ በመብረር እስካሁን የሚስተካከለው ወፍ አልተመዘገበም። ያ ፍጥረት ነው ያንተን ጅማት የሚጠብቀው።

እውነቱን እንናገር

ይቅርታ አድርጉልኝና ሰው ኑሮ ከብዶት ጓዙን ይዞ ከሰፈር ሰፈር እየተንከራተተ፣ የጥንብ አንሳ በመቶኛ ስሌት ምን ይሉታል? ሴትየዋ ቆርቆሯቸው ተበልቷል። በክረምት አልጋቸው ላይ ሲያፈስ ላባ ቆጣሪው መጥቶ ባልዲ ይይዛል? ለዋልያ መከራከር ይገባኛል፤ የኳስ ቡድናችን ስም ነው፣ ቱሪስት ያመጣል። ጥንብ አንሳ ግን ማንን ጠቅሞ ያውቃል?

የከብት ሐኪም

ላንተ ብቻ ሳይሆን ለባለ ልኳንዳውም ልመልስ፣ ነገሩ የኔን ሙያ ይነካል።

ማንን እንደጠቀመ ከህንድ እንጀምር። እዚያ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ረገፉ። አንደኛው ዝርያ ከ99 በመቶ በላይ አለቀ። ምክንያቱ ዓመታት ፈጅቶ ነው የታወቀው፦ ዳይክሎፌናክ። አዎ፣ ወገባችሁን ሲያማችሁ የምትውጡት ያው መድኃኒት። ለታመመ ከብት ይወጉታል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ጥንብ አንሳው ይበላዋል፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ህንድ ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እስከዚያ ግን የሞተ ከብት የሚያነሳ ጠፍቶ ሜዳው ሸተተ፣ ውሾች በዙ፣ የውሻ እብደትም አብሮ መጣ። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት ወፎቹ በመጥፋታቸው ብቻ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው እንደሞተ ገምተዋል። ሰው፣ ወንድሜ። ወፍ አይደለም።

የጥንብ አንሳ ጨጓራ አሲዱ ብርቱ ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በልቶ አይታመምም። እኛ ጋ ገጠር ውስጥ የሞተ ከብት የሚቀብር ሰው ስንት ነው? ጅብ፣ ውሻና ጥንብ አንሳ ናቸው የሚያነሱት። ከሦስቱ የሰው ልጅ የማይነክሰው አንዱ ብቻ ነው።

ቀይ ቀበሮንም ካነሳችሁ ገመዱ አንድ ነው። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የጨረሰው ከእረኛ ውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በገባው ወረርሽኝ የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ አልቀዋል። ውሻ በበዛ ቁጥር ቀበሮው ይቸገራል። ውሻው የሚበዛው ደግሞ ጥንብ ሲተርፍለት ነው።

አሁን ወደ ሞራው። ባለ ልኳንዳ፣ ይህን ለእማማ እንደዚህ አድርገህ ንገራቸው፦ ጣሪያ ላይ የተጣለ ሞራ ጣሪያ ላይ አይቆይም። መጀመሪያ የሚደርስበት ያ የፌስታል ሌባ ጭልፊት ነው፣ ካልሆነም ቁራ። አንስቶ ይበራል፣ ሌላ ጭልፊት ያባርረዋል፣ ሲጣሉ ይወድቃል። የት? ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ፣ የተሰጣ በርበሬ ላይ፣ የጎረቤት ድመት አፍ ውስጥ። መርዝ ጥለህ የት እንዳረፈ አታውቅም። ከዚያ «መርዙ ከልኳንዳው ጓሮ ነው የመጣው» ከተባለ ያንተ ነገር አበቃ። ማን ከዚያ በኋላ ካንተ ጥሬ ሥጋ ይበላል?

ጥንብ አንሳ ደግሞ ብቻውን አይሞትም፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦትስዋና ውስጥ አዳኞች ሦስት ዝሆን ገድለው ሬሳውን መረዙት፤ ከላይ የሚያንዣብቡት ወፎች እንዳያጋልጧቸው ብለው ነው። 537 ጥንብ አንሳ ነው የተለቀመው። ሦስት ሬሳ ብቻ።

ባለ ልኳንዳው (ጠያቂ)

የጭልፊቱ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ጭራሽ አልመጣም ነበር። ዛሬ ማለዳ ሆን ብዬ አየሁት፤ አንዱ ጭልፊት ጅማት ይዞ ሲነሳ ሁለት ተከተሉት፣ ጅማቱ የሙዓለ ሕፃናቱ አጥር ውስጥ ወደቀ። ለእትዬ ይህንኑ ሄጄ ነገርኳቸው። የልጅ ልጃቸው እዚያው ነው የምትማረው። ዝም አሉ። ስለ ህንድም ስለ ዝሆኑም አላወራኋቸውም፣ አያስፈልግም ነበር።

መርዙን ትተዋል። «ግን ጣሪያዬስ?» አሉ። ልክ ናቸው።

እውነቱን እንናገር፣ የባልዲው ነገር ለላባ ቆጣሪ ሳይሆን ለኔ ነው የሚመጣው፤ ወፎቹን የጠራኋቸው እኔ ነኝና። የዛገውን ማዕዘን ቆርቆሮ ግማሹን እኔ እንድችል ተስማምተናል። ኪራይ አልጨመሩም። ለጊዜው።

ላባ ቆጣሪ፣ ሁለተኛው ጥያቄዬ አሁንም አልተመለሰም። እንዴት ላስነሳቸው? ደግሞስ ተረፈ ነገሬን ሁሉ ከከደንኩባቸው ምን ይበላሉ? አሁን ካነበብኩ በኋላ እሱም ከነከነኝ።

ላባ ቆጣሪ

ጣሪያው ቀላል ነው። ቀናውን የጣሪያ አናት ነው የሚወዱት፤ ሰፊ ክንፍ ስላላቸው ለመነሳት ይመቻቸዋል። በአናቱ ርዝመት ሽቦ ወጥርበት፣ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገህ። እግራቸው ሚዛን ሲያጣ ይተዉታል። ስስ ሽቦ አትጠቀም፣ ክንፍ ይቆርጣል። እንዲታያቸው እዚህም እዚያም ደማቅ ጨርቅ ቋጥርበት። ጽዱን ግን ተውላቸው፤ ዛፉ ላይ ካረፉ ኩሱ ቆርቆሮ አይበላም። እማማም «ቤቴ ላይ አይደለም» ብለው ይጽናናሉ።

ጓሮውን ደግሞ ብልት ወጥቶ እንዳለቀ በውሃ አጥበው። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ለጥንብ አንሳ ብለህ ሳይሆን ለዝንብ፣ ለአይጥና ለማታ ጅብ።

«ምን ይበላሉ» ያልከው የአገር ጥያቄ ነው። ከተማ በዘመነ ቁጥር እርድ በአጥር ውስጥ ይሆናል፣ ተረፈ እርድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፣ ትልልቅ ዛፍ ይቆረጣል። ለሰው ጤና ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ለወፉ ግን የተዘጋ በር ነው። በኔፓልና በደቡብ አፍሪካ ከመድኃኒትና ከመርዝ ነጻ የሆነ የሞተ ከብት የሚቀመጥባቸው ቦታዎች አዘጋጅተዋል። ወፎቹ ይመጣሉ፣ ቱሪስት ከዳስ ውስጥ ሆኖ ያያል፣ ገቢው ለመንደሩ ይሆናል። እኛ ቄራ እያለን፣ በየዓመቱ ለፋሲካ የሚታረደው እያለን፣ ይህ የሚከብደን አይመስለኝም። የሚያስበው ሰው ነው የጎደለው። እስከዚያው አንተን አይጠብቁም፣ አትጨነቅ። በአንድ ቀን ከተማውን ዞረው ቆሼም ቄራም ይደርሳሉ። በሁዳዴስ ያለ አንተ ይኖሩ የለ? በነገራችን ላይ በሰሜን ኢትዮጵያ ጅቦች በሁዳዴ የከብት ተረፈ ሥጋ ሲያጡ ወደ አህያ እንደሚዞሩ እበታቸውን መርምረው ያረጋገጡ ተመራማሪዎች አሉ። የኛን የጾም አቆጣጠር የሚያውቀው ወፍ ብቻ አይደለም።

ሕጉንም ካስፈለገህ፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። ያለ ፈቃድ መግደል ያስቀጣል። እማማን በሱ አታስፈራራቸው ግን፣ ጭልፊቱ ይበቃል።

እውነቱን እንናገር

የህንዱን አላውቅም ነበር፣ እሺ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እንደዚህ አደጋ ላይ ያለ፣ አዲስ አበባ አጠገብ ሆኖ እኛ የማናውቀው ሌላ አለ?

ላባ ቆጣሪ

አለ፣ ያውም በቁጥር ከጥንብ አንሳዋ በጣም ያነሰ። በስተምዕራብ አዲስ ዓለም አካባቢ በርጋ የሚባል ረግረግ አለ። በክረምት ውሃ ሲተኛበትና ሣሩ ሲያድግ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ክንፈ ነጭ የረግረግ ወፍ ትፈለፈልበታለች። ዓለም ላይ እንቁላል እንደምትጥል የሚታወቅባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሣሩ ያለ ጊዜው ከታጨደ ወይም ከብት ቀድሞ ከገባበት የዚያ ዓመት ጫጩት የለም ማለት ነው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ተነጋግሮ፣ ወፏ እስክትፈለፍል ከብት ሳያስገቡ እንዲቆዩ ሲሠራ ቆይቷል። ሰዎቹ በምላሹ ትምህርት ቤት አግኝተዋል። እኔ ራሴ ድምፅዋን ሰምቼ መልኳን ሳላይ የተመለስኩበት ጊዜ ይበዛል።

ከአዲስ አበባ ብትርቅም፣ ነጌሌ ቦረና አጠገብ ሊበን ሜዳ ላይ ያለችው ሌላዋ ወፍ፣ የሊበን ላርክ የምትባለው፣ ደግሞ የቀራት ቦታ እጅግ ትንሽ ነው። ሣሩ በቁጥቋጦና በእርሻ እየተተካ ነው። እሷ ከጠፋች በዘመናችን ከአፍሪካ ዋና ምድር የጠፋች የመጀመሪያዋ ወፍ ትሆናለች እየተባለ ይፈራል።

ባለ ልኳንዳው (ጠያቂ)

ሽቦ ልገዛ መርካቶ ልወርድ ነው። ስንት ቁጥር ልበል? ባለሱቁ ፊት ስንዝር እየለካሁ መሳቂያ እንዳልሆን።

የቀበና ልጅ

የልብስ ማስጫ ሽቦ በለው፣ ፕላስቲክ የለበሰውን። እኔ ቤት ለእርግብ ሠርቷል። ስትወጥረው ጥራኝ፣ መሰላል አለኝ። ግማሽ ኪሎ ጎድን ታስመዝንልኛለህ።